የመዳብ ሹሩባ

ልክ ስምንት ከሃያ፣ ሌሊቱ ሲገሰግስ፣
ያ ባለ ስድስት ሜትር ወረቀት ከመሃል ሲበጠስ፣
ቀይ መብራት በራ። ከዚያ ዝምታ።
ያ ሁሉ ሮለር፣ ያ ሁሉ ጉልበት፣ ባንድ ቃል ተረታ።
በድራይቩ ደረት ላይ አንዲት መስመር ብቻ ተጻፈች፦
«የኢንኮደሩ ምልክት ጠፍቷል።» ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

በፊንላንድ ሰሜን፣ ባሕሩ ድንጋይ በሆነበት ጥር፣
ውጭው ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፤ ውስጡ የሞተር ግለት፣ የጥድ ሽታ ሲዞር፣
ያልማሪ ሦስት ኢንኮደር ቀየረ፣ አዲስ፣ ከነማሸጊያቸው፤
አለቃው ኩርቪነን የተበላሸውን ወረቀት በቶን ቆጥሮ ነገራቸው።
ኢርሜሊ ግን ወንበር ስባ ከሞተሩ ጀርባ ተቀመጠች፤
ጡረታዋ ሊደርስ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል፤ አልቸኮለች።

«ሞተር ዕውር ነው» አለችው፣ «ጉልበት እንጂ ዓይን የለውም፤
ስንት ዙር እንደ ዞረ፣ ወዴት እንደ ዞረ፣ ራሱ አያውቅም።
ከጭራው የታሰረች ይህች ጣሳ ናት የምትመሰክርለት፤
በውስጧ አንዲት የመስታወት ሳህን፣ ሺህ ጭረት ያለባት።
ብርሃን በጭረቶቿ ሲያልፍ፣ ሀ እና ለ የሚባሉ መንታ
ሩብ እርምጃ ተቀዳድመው ይሄዳሉ፣ ያለ ፋታ።
ሀ ከቀደመ ወደፊት ነው፤ ለ ከቀደመ ወደኋላ።
ዳኛው ድራይቭ ይህን ሰምቶ ይፈርዳል፤ ማስረጃ የለውም ሌላ።
እንግዲህ ቃሏ ሲዛባ፣ ምስክሯን ከመስቀልህ በፊት፣
ቃሉ የመጣበትን መንገድ እይ፤ ማን እንዳገኘው፣ በየት።»

ኦሲሎስኮፑን አስነሣች። አረንጓዴ መስመር፣ ካሬ ካሬ፣
እንደ ደህና አጥር የቆመ። «ትላንትም ይኸው ነበር፤ ይኸው ነው ዛሬ»
አለ ያልማሪ። «ዝም በል» አለችው። ስምንት ከአሥራ ዘጠኝ።
እጇን ከቁልፉ ላይ አንሥታ፣ «እስቲ ጆሮ ስጠኝ።»

ከታች፣ ከወለሉ ሥር፣ አንድ ነገር አጉረመረመ፤
አጥሩ ተንቀጠቀጠ፤ በየካሬው ላይ እሾህ ቆመ።
ሀ እና ለ ተወጉ፤ መንታዎቹ ተምታቱ፤
ቀይ መብራት። ወረቀቱ ተበጠሰ፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ሰዓቱ።

«አዲሱ ፓምፕ ነው! በኅዳር የተከሉት!
የዝቃጩን ገንዳ ሊያጥቡ ስምንት ከሃያ ላይ የሚያስነሡት!»
እውነትም የፓምፑ ኬብል በኢንኮደሩ ኬብል ላይ ተጋድሟል፤
በአንድ ትሪ፣ ጎን ለጎን፣ ኃይል ከሹክሹክታ ጋር ተኝቷል።
ሹክሹክታ ግን ልብስ አለው፤ ከመዳብ የተጎነጎነ ሹሩባ፣
ጩኸቱን ይዞ ወደ መሬት የሚያወርድ፣ ነገር ወደ ውስጥ እንዳይገባ።
ታዲያ ሹሩባው የት ሄደ?

መሰላል ወጡ። የአሮጌው ማገናኛ ሣጥን ክዳኑ ሲከፈት፣
ሹሩባው ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ጥቁር ቴፕ ተጠምጥሞበት፣
መሬት ሳይነካ ቀርቷል። በቴፑ ላይ፣ በነጭ ቀለም፦
«ጊዜያዊ። ነገ ይስተካከላል።» ፊርማ ግን የለውም።

ፊርማ አላስፈለገም። ያን ጅራቱ የረዘመ ፊደል ኢርሜሊ ታውቀዋለች፤
የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ራሷ ጽፋዋለች።
ምክንያቱ ትልቅ አልነበረም፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጣት ነበር፤
ነገ በሣጥን ውስጥ፣ በጨለማ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቃት ሲያድር።

ያልማሪ ፊደሉን አየ፤ ፊቷን አየ፤ ዓይኑን ወደ መሰላሉ መለሰ፤
«ማንም አያውቅም» ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።
እሷ ግን ቴፑን ላጠች። ሹሩባውን ፈትታ፣ አበጥራ፣
ክቡን ሙሉ በመቆንጠጫ ከብረቱ ጋር አሥራ፣
የፓምፑን ኬብል ወደ ሌላ ትሪ፣ ለነገ ሳትል፣ አዛወረች፤
ከዚያ ወርዳ መዝገቡን ከፈተች፤ እንዲህም ጻፈች፦
«ኢንኮደሮቹ ንጹሓን ናቸው፤ ሦስቱም ወደ መደርደሪያ ይመለሱ።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስሜ ኢርሜሊ ሃልቱነን፤ ሌላ ሰው አትክሰሱ።»

በማግስቱ ሌሊት፣ ስምንት ከሃያ፣ ፓምፑ አጉረመረመ፤
ወረቀቱ ነጩን ገጹን ይዞ ወደ ጥቅሉ ተመመ።
ያልማሪ ሰዓቱን አየ። ኢርሜሊ አላየችም፤
የተቀደደ ጓንቷን ትሰፋ ነበር፤ ክሩን ሳትቋጥር አልቆረጠችም።